ወንዙ የሚቀላበት ወር



ባለፈው ሰኞ ቡሬ ያለች የድሮ ተማሪዬ ፈጣም ድልድይ ላይ ቆማ ያነሳችውን ፎቶ በቴሌግራም ላከችልኝ። ከሥሩ «ቲቸር፣ ወንዛችን ዘንድሮም በርበሬ መሰለ፤ ግን ድሮም እንዲህ ነበር?» ይላል። የቡሬ ሰው በርበሬ መሰለ ካለ እመኑት፣ ቀለሙን ያውቀዋል። እዚህ ፍኖተ ሰላምም ላህ ወንዝ ያው ነው፤ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ በጣለ ማግስት ቀይ ጭቃ ሆኖ ወረደ።

በሁለት መስመር ልመልስላት ጀምሬ ሦስት ምሽት ፈጀብኝ። ረዘም ይላል፤ ቡና ያለው ቡናውን ይዞ ይቀመጥ።

መጀመሪያ ግን የራሴን ጥፋት ልናገር፤ ይህን ነገር እንዳጠና ያደረገኝ እሱ ነውና። ዲፕሎማዬን ይዤ የመጀመሪያ ምደባዬ የደረሰኝ በዚሁ በምዕራብ ጎጃም ገጠር ነው፤ የትምህርት ቤቱ ስም ይቆይ። 2005 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የጂኦግራፊ መምህር ብሆንም የጤና ክበቡን ለእኔ አሸከሙኝ፤ አዲስ መምህር ሲመጣ የሚደረገውን ታውቃላችሁ። ሰኔ ሊገባ ሲል ዝናቡ ጀመረ፣ የግቢው የእጅ ፓምፕ ደግሞ ተበላሸ። ልጆቹ ከታች ካለው ወንዝ በጀሪካን መቅዳት ጀመሩ። እኔም ጎበዝ ነኝና ክሎሪን ገዛሁ፤ ሰልፍ ላይ ወጥቼ «ለአንድ ጀሪካን አንድ ክዳን ጨምሩ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፣ ከዚያ ጠጡ» ብዬ አስተማርኩ። ውሃው እንደ ጠላ አተላ የደፈረሰ ነበር። ይህ ለውጥ ያመጣል ብዬ ጨርሶ አላሰብኩም።

በሳምንቱ ክፍሉ ሳሳ። ተቅማጥ ነው። አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ጤና ጣቢያ ሦስት ሌሊት ተኛች፤ ብሔራዊ ፈተናው አለፋት። ልጠይቃት ስሄድ ነርሱ «መምህር፣ ውሃው የጠለለ ነበር?» አለኝ። አይ፣ ድፍርስ ነው አልኩት። «ታዲያ ክሎሪኑ ምኑን ይግደል? ጭቃው ላይ አልቆ ነው እኮ» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እሱ ነው የባሰብኝ።

እህቴ፣ ዛሬ ይህን የምታነቢ ከሆነ፣ ያን ቀን የጠየቅሁሽን ይቅርታ ደግሜ እጠይቅሻለሁ። ዓመት ነው ያስባከንኩብሽ።

ነርሱ ያለው ነገር እንዲህ ነው። ክሎሪን ተህዋስያንን ለይቶ የሚያጠቃ ነገር አይደለም፤ ያገኘውን ብስባሽና ቆሻሻ ሁሉ ያቃጥላል። በድፍርስ ውሃ ውስጥ ከአፈሩ ጋር የመጣ ፍግ፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ የሥር ስብርባሪ አለ። መድኃኒቱ እዚያ ላይ ያልቃል። የተረፈው ደግሞ የአፈሩ ቅንጣት ላይ የተለጠፈውን ተህዋስ በደንብ አያገኘውም፤ ቅንጣቱ ጋሻ ይሆነዋል። ስለዚህ ነው የዓለም የጤና ድርጅት ውሃ በክሎሪን ከመታከሙ በፊት ድፍርስነቱ ከ1 ኤንቲዩ በታች እንዲወርድ፣ አቅም ለሌለው አነስተኛ ተቋም ደግሞ ቢያንስ ከ5 እንዳያልፍ የሚመክረው። ኤንቲዩ የድፍርስነት መለኪያ ነው፤ ብርሃን በውሃው ውስጥ ሲያልፍ ምን ያህሉ እንደሚበተን ይለካል። ውሃ 5 ኤንቲዩ ሲሆን በብርጭቆ ብትቀዱት ጥሩ ውሃ ነው ብላችሁ ልትጠጡት ትችላላችሁ። የሰኔ ወንዝ ስንት እንደሚሆን ገምቱት።

አያቴ (እናና ነበር የምንላት) ይህን ሁሉ ሳትማር ታውቀው ነበር። በሰኔ የተቀዳ ውሃ በእንስራ ሳያድር አይጠጣም፤ ጠዋት ደግሞ እንስራው ሳይነቀነቅ በቀስታ ከላይ ከላዩ ይቀዳል። የታችኛው ለከብት ነው። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ ክሎሪን የሚለውን ቃል ተማርኩና የእናናን እንስራ ረሳሁት።

እንስራው ግን ሁሉን አይችልም። ጆርጅ ስቶክስ የሚባል የሂሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1851 ባወጣው ቀመር ብታሰሉት፣ ደቃቅ አሸዋ (ውፍረቱ የሚሊሜትር አንድ አስረኛ) በረጋ ውሃ ውስጥ አንድ ሜትር ለመውረድ ሁለት ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ከእሱ አምስት እጥፍ የሚደቅቀው ደለል ሦስት ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ትልቁ የሸክላ ቅንጣት፣ የሚሊሜትር ሁለት ሺህኛ የሚሆነው፣ ከሦስት ቀን በላይ ይፈጃል። ከዚያ የደቀቀው ከነጭራሹ አይወርድም፤ ቅንጣቶቹ ሁሉም አሉታዊ ሙል ስላላቸው እርስ በርስ እየተገፋፉ እንደተንሳፈፉ ይቀራሉ። የጎጃም ቀይ አፈር ደግሞ ሸክላው የበዛ ነው። እህሉን የሚያበቅልልን ይኸው ሸክላ ነው፤ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ግን አልጠልልም ይላል።

አዲስ አበባ ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ ከቧንቧችሁ የሚወርደው የለገዳዲ ውሃም ይኸው ጣጣ አለበት። ግድቡ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ከተማዋን ያጠጣል፤ ጥሬ ውሃው ግን በደቃቅ ሸክላ የደፈረሰ ስለሆነ ዝም ብሎ ቢቆም አይጠራም። የሸክላውን ሙል የሚሰብርና ቅንጣቶቹን እየሰበሰበ የሚያወርድ ኬሚካል ይጨመርበታል፤ የታወቀው አሉሚኒየም ሰልፌት ነው። ወንዙ በደፈረሰ ቁጥር የሚጨመረው ይበዛል፣ ወጪውም እንዲሁ። የሱዳን የገጠር ሴቶች ደግሞ በአባይ ጎርፍ ወቅት የሞሪንጋ ፍሬ ወቅጠው ውሃቸውን ያጠሩ ነበር። ሱዳን ውስጥ ትኖር የነበረች ሳሚያ አል አዝሃሪያ ጃን የምትባል ጀርመናዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ ይህን አጥንታ ለዓለም አሳወቀች። በፍሬው ውስጥ ያለው ፕሮቲን አዎንታዊ ሙል ስላለው ነው። ሞሪንጋ የኛው ሽፈራው ዘመድ ነው።

እንግዲህ ወደ ተማሪዬ ጥያቄ። ድሮም እንዲህ ነበር?

ብዙ ሰው «ክረምት አይደል እንዴ!» ብሎ ያልፈዋል። እኔም እል ነበር። መልሱን ያገኘሁት ግን እዚሁ ጎረቤታችን ነው። ከደምበጫ ወደ ፈረስ ቤት በሚወስደው መንገድ አንጀኒ የሚባል ቦታ አለ። 113 ሄክታር የሚሆን አንድ ትንሽ ተፋሰስ፤ በአንድ ጠዋት ዞራችሁ የምትጨርሱት። እ.ኤ.አ. በ1984 (በኛ 1976 ዓ.ም.) የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ እዚያ የመለኪያ ጣቢያ አቋቋሙ። የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ተጀምሮ በአገሪቱ ሰባት ጣቢያ ነበረው፤ ወሎ ማይባር፣ ሸዋ አንዲት ጥድ፣ ወላይታ ጉኑኖ እያለ እስከ ኤርትራ ይደርሳል። የጎጃሙ አንጀኒ ነው። ዋና መሪው ሃንስ ሁርኒ የሚባል የስዊዝ የጂኦግራፊ ሊቅ ነበር።

እዚህ ላይ የታሪክ መምህሩ ወዳጄ ይቅር ይበለኝና በእርሱ እርሻ ልግባ። ጎጃም ላይ መለኪያ ይዞ መምጣት ቀላል ነገር አልነበረም። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብሩን አልቀበልም ብሎ ያመፀው ግብሩን ብቻ ፈርቶ አይደለም፤ መሬት የሚለካ ሁሉ ኋላ ርስት የሚነጥቅ ይመስለው ስለነበር ነው። ከዚያ በኋላ አስራ ስድስት ዓመት ብቻ ቆይቶ ነው ሌላ ለኪ አንጀኒ የደረሰው። የዚህኛው መለኪያ ግን የአንድ ሊትር ጠርሙስ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ተፋሰሱ መውጫ ላይ አንድ ሰው ወንዙን ይጠብቃል። ውሃው ጥሩ ሆኖ ሲወርድ ዝም ይላል። ዝናብ ጥሎ ውሃው መቅላት ሲጀምር አንድ ሊትር ይቀዳል። ከዚያ በየአስር ደቂቃው እየቀዳ፣ ውሃው መልሶ እስኪጠራ ድረስ ይቀጥላል። ጠርሙሱ ይጠለላል፣ የቀረው አፈር ይደርቃል፣ ይመዘናል። በቃ! ሌሊትም ይሁን ቀን፣ ክረምት በመጣ ቁጥር፣ ለዓመታት። መሣሪያው የሰው ዓይንና ጠርሙስ ነው። እኔ ይህን ሳነብ ነው በሥራው የተማረክሁት። ልጆች፣ ሳይንስ ማለት ነጭ ጋውን ለብሶ ማይክሮስኮፕ ማየት ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ካፖርት ለብሶ ዝናብ ውስጥ የቆመውን ያን ሰው አስቡት።

እና ጠርሙሶቹ ምን አሳዩ? አንደኛው ነገር ወሩ ነው። አብዛኞቻችን ወንዙ በጣም የሚደፈርሰው በነሐሴ፣ ውሃው አፍ እስከ ገደፉ ሲሞላ ይመስለናል። አይደለም። አንዱ ሊትር ውስጥ ያለው አፈር የሚበዛው በክረምቱ መጀመሪያ ነው፤ በሰኔና በሐምሌ። በነሐሴ መጨረሻ ወንዙ ሞልቶም ቢሆን ከሰኔው የጠራ ነው። ለምን? ሰኔ ላይ መሬቱ ታርሶ፣ ለስልሶ፣ ራቁቱን ነው። በተለይ የጤፍ መሬት አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል፤ ዘሩ ግን የሚዘራው ሐምሌ ላይ ነው። ያ ሁሉ ዝናብ የሚመታው የተፈጨ አፈር ነው። ነሐሴ ላይ ሰብሉ አድጎ መሬቱን ይሸፍነዋል፣ ውሃውም የሚሄድበትን ትንንሽ ቦይ አበጅቶ ጨርሷል። ገበሬያችን ማሳው ውሃ እንዳያቁርበት በሞፈሩ ሰያፍ አድርጎ የሚያወጣው ፈሰስ ደግሞ አለ። ሰብሉን ያድናል። ግን ቁልቁል ከበዛበት ጎርፉን ሰብስቦ ወንዝ ድረስ ያደርሰዋል፤ ሲሰፋም ቦረቦር ይሆናል።

ሁለተኛው ነገር ለተማሪዬ የምመልሰው ነው። አይ፣ ድሮ እንዲህ አልነበረም። አንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከሁርኒ ጋር ሆኖ ይህንኑ የደምበጫን አካባቢ ከአውሮፕላንና ከሳተላይት በተነሱ ፎቶዎች አነጻጽሮ እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተመው ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1957 ከአካባቢው 27 በመቶው የተፈጥሮ ደን ነበር። በ1982 ወደ 2 በመቶ ወረደ። በ1995 የቀረው 0.3 በመቶ ነው። የታረሰው መሬት በዚያው ዘመን ከ39 ወደ 70፣ ከዚያ ወደ 77 በመቶ ወጣ። 27ቱ ወደ 2 የወረደው በ25 ዓመት ውስጥ ነው፤ አንድ ሰው ተወልዶ ጎጆ እስኪወጣ ባለው ጊዜ። ደርግን ብቻ፣ ንጉሡን ብቻ፣ ኢሕአዴግን ብቻ መውቀስ የሚወድ ሰው እነዚህ ቁጥሮች አይመቹትም፤ ከሦስቱም ዘመን ተካፍለዋል። ሕዝቡ በዛ፣ መሬቱ ያው ነው፣ ልጅ ጎጆ ሲወጣ ተዳፋቱ ታረሰ። አባቴም ያረሰው ተዳፋት ነው። እሱን ምን ልለው እችላለሁ?

ሁርኒ በ1980ዎቹ ለመላው ኢትዮጵያ የእርሻ መሬት የሰጠው ግምት በዓመት በሄክታር 42 ቶን አፈር ነው። እኛ በምናውቀው ልተርጉመው። አንድ ቃዳ ሩብ ሄክታር ነው ካልን፣ ከአንድ ቃዳ በየዓመቱ ከአስር ቶን በላይ ይሄዳል ማለት ነው። አምስት ቶን የምትጭን አይሱዙ ሁለት ጊዜ ሞልታ ወጣች በሉት። ውፍረቱ ግን ከአራት ሚሊሜትር አይበልጥም። ሌባው የማይታየው ለዚህ ነው፤ ገበሬው የሚያየው ከዓመታት በኋላ ድንጋይ ሲያፈጥበት ነው።

አንጀኒ ላይ መለካት ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1986 ተፋሰሱ በሙሉ በእርከን ተሠራ። ፋንያ ጁ ይሉታል፤ ስዋሂሊ ነው፣ አፈሩን ወደ ላይ ወርውር እንደማለት። ቦዩ ይቆፈርና አፈሩ ከበላዩ ይከመራል፤ ጎርፍ የሚያመጣው ደለል ከክምሩ ጀርባ እየተኛ ከዓመት ዓመት ተዳፋቱ ራሱ እየተስተካከለ ይሄዳል። ገበሬው በጅምሩ ጠላው። መሬት በላብኝ፣ በሬ ማዞሪያ አሳጣኝ፣ ውሃ ያቁርብኛል፣ የአይጥ ዋሻ ሆነ አለ። እውነቱን ነው! ምርቱም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጨመረ አይባልም። እኔ ይህን የምጽፈው ገበሬው አላዋቂ ነው የሚል ዘመቻ ስለሰለቸኝ ነው። ሆኖም ሌላው አገር ብዙ እርከን ሲፈርስ የአንጀኒው ቆየ። ለምን ቆየ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ለዓመታት አብሮት የሚውል፣ ቅሬታውን የሚሰማ ሰው ስለነበረ ነው ባይ ነኝ።

ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በየዓመቱ በበጋው የሚደረገውን የተፋሰስ ዘመቻ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ብዙዎቻችን አካፋ ይዘን ወጥተናል። ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ከባሕር ዳር በስተደቡብ በአዴት መንገድ ላይ ደብረ ማዊ የሚባለው ተፋሰስ ውስጥ የባሕር ዳርና የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያገኙት ያሳስባል። የማሳው ቦይ በጥቂት ዓመት በደለል ይሞላል፤ ካልተጠረገ ሥራው ያልቃል። ወንዙ ውስጥ ከሚገባው ደለል ደግሞ አብዛኛው የሚመጣው ከታች፣ ረግረጋማው ሜዳ ላይ ከሚናደው ቦረቦር ነው። እኛ ዘመቻ የምንወጣው ተራራው ላይ ነው፤ ፎቶም የምንነሳው እዚያ ነው። ቦረቦሩን ማንም አይነካውም።

ከዚያስ አፈሩ የት ይሄዳል? አባይ ግንድ ይዞ ይዞራል እንላለን፤ ግንዱ ግን ከጓዙ ትንሹ ነው። ምንጩ ሰከላ ላይ፣ ግሽ አባይ፣ ዛሬም ጠበል ነው። በትውፊቱ አቡነ ዘርአ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለአባይ አደራ ሰጥተው፣ ከዓመታት በኋላ ውሃው ሳያርስ መለሰላቸው ይባላል። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 ያንን ምንጭ አይተዋል (ሁለቱም እ.ኤ.አ.)። ሁለቱም ግብፅን የሚያጠግበው ከየት እንደሚነሳ አዩ። ግብፅን ያጠገበው ግን ምንጩ ብቻ አይደለም፤ በመንገዱ ሁሉ የሚቀበለው ቀይ ውሃ ነው። ናይል ከሚሸከመው ደለል ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከኢትዮጵያ ደጋ በአባይና በተከዜ በኩል የሚሄድ ነው፤ አባይ ብቻውን ድንበር ላይ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ እንደሚያሻግር ይገመታል።

ለግብፅ ገበሬ ይህ ለሺህ ዓመታት በረከት ነበር፤ የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 እስኪያልቅ። ለሱዳን ግን ዕዳም ነው። በ1964 የተሠራው የኻሽም ኤል ጊርባ ግድብ በተከዜ ደለል ግማሽ ያህል አቅሙን አጣ። በ1966 የተሠራው ሮሰይረስ ቁመቱ በ2013 እስኪጨመርለት ድረስ በኛው አፈር ሲሞላ ኖረ። የገዚራ የመስኖ ቦዮች በየዓመቱ ደለል ይጠረግላቸዋል። ወደ ሰሜን ሲሄድ ግልገል አባይም ጣናን እያደፈረሰው ነው። የማዳበሪያው ፎስፈረስ ሸክላው ላይ ተለጥፎ ሐይቁ ውስጥ ይገባል፣ እምቦጭም ይቀለብበታል። በክረምት ወደ ገባር ወንዞች ወጥተው ጠጠር ላይ የሚራቡት የባርበስ ዓሣዎች እንቁላላቸው በጭቃ ይታፈናል። የጎንደሩን የአንገረብ ግድብ ሳልጠቅስ ባልፍ የጎንደር ወዳጆቼ ይቀየሙኛል፤ የመጠጥ ውሃቸው ማጠራቀሚያ በደለል እየጠበበ ነው።

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ከእንግዲህ ከአንጀኒም፣ ከፈጣምም፣ ከላህም የሚሄደው አፈር አብዛኛው የሚተኛው እዚያ ነው። ድሮ የሰው ግድብ ነበር የምንሞላው። አሁን የራሳችንን ነው።

እስከዚያው የምትቀዱት ውሃ ግን ዛሬ ነው የሚጠጣው። ስለዚህ በ2005 ሰልፍ ላይ ማለት የነበረብኝን አሁን ልበል። የሰኔን ውሃ አሳድሩት። ሳትነቀንቁ ከላይ ከላዩ ቅዱ። ንጹሕ ነጠላ አራት እጥፍ አጥፋችሁ አጥልሉት። ከዚያ ነው ክሎሪን፤ ውሃው አሁንም ደብዘዝ ካለ መጠኑን እጥፍ አድርጉት። ማገዶ ያለው አፍልቶ ቢጠጣ ይሻለዋል።

መምህራን ክፍል መስኮት ላይ ሁለት ጠርሙስ አስቀምጫለሁ፣ ሁለቱም ባለፈው ሰኞ ከላህ የተቀዱ። አንደኛው ዝም ብሎ ቆሟል፤ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው፣ ሥሩ ሁለት ጣት ያህል ቀይ ደለል ተኝቷል፣ ከላዩ ግን ገና ቀጭን ሻይ ይመስላል። ሁለተኛው ውስጥ አርባ ምንጭ ያለ ጓደኛዬ የላከልኝን የሽፈራው ፍሬ ወቅጬ ጨመርኩበት፤ ከምሳ ስመለስ በማዶው የመስኮቱ ፍርግርግ ይታያል። የማጠቃለያ ፈተና ሳምንት ስለሆነ ክፍል ይዤ ልገባ አልቻልኩም፤ የ9ኛ ለ ልጆች ሐሙስ ከፈተና ስትወጡ በመስኮቱ በኩል እለፉ። አንዱ ባልደረባዬ የትናንት ሻይ መስሎት ሊደፋው ሲል ነው የደረስኩት፤ አሁን ወረቀት ለጥፌበታለሁ፤ «የላህ ውሃ ነው፣ አይነካ፣ አይነቅነቅ»።